የአንድ ቀን ጉብኝት እንደ ንግድ ዕቃ

የንግድ ዕቃ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው በጆንያ የሚታሰረው፥ በሣጥን የሚታሸገው፥ በሚዛን የሚመዘነውና በመርከብ የሚጫነው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የተለየ ጠባይ ያለው ሌላ ሸቀጥ አለ። ገዢው በራሱ ወጪ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ዋጋውን በውጭ አገር ገንዘብ ይከፍላል፤ ዕቃውን በዓይኑ አይቶና በጆሮው ሰምቶ ይመለሳል፤ ዕቃው ግን ከስፍራው ሳይነቃነቅ በማግሥቱ ለሌላ ገዢ ይሸጣል። ይኸውም በመሪ የሚደረግ የአገር ጉብኝት ነው። ላኪ ነጋዴ ይህን ሲሰማ፥ ከዚህ የበለጠ የሚመች ንግድ ከወዴት ይገኛል ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከዕቃው ምቾት አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፥ የተከፈለው ገንዘብ በማን እጅ እንደሚቀር ነው።

ለዚህ ምርመራ በካሪቢያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ በማርቲኒክና በሴንት ቪንሰንት መካከል የምትገኘው የሴንት ሉሺያ ደሴት ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። የቆዳ ስፋትዋ 617 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ የሕዝብዋ ቁጥር 180,000 ያህል ነው። ፈረንሳይና እንግሊዝ እየተፈራረቁ ከያዝዋት በኋላ በ1814 ለእንግሊዝ ጸናች፤ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1979 ነጻነትዋን አገኘች። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደሴቲቱ የንግድ ታሪክ ባጭሩ ሲነገር፥ የሌላውን አገር መርከብ የመጠበቅ ታሪክ ነው። አስቀድሞ ስኳር ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ዋና ከተማዋ ካስትሪስ በእንፋሎት ለሚሄዱ መርከቦች የድንጋይ ከሰል የምታቀብል ወደብ ሆነች፤ ሴቶች ከሰሉን በቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ወደ መርከቡ ያወጡት ነበር። መርከቦች በነዳጅ ዘይት መሄድ ሲጀምሩ ያ ሥራ ቀረ። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት ተራው የሙዝ ሆነ። የሸንኮራ አገዳ እርሻ ቦታውን ለሙዝ ለቀቀ፤ በየኮረብታው ጥቂት መሬት ያለው ገበሬ ሁሉ ሙዝ ተከለ፤ የእንግሊዝ መርከብ በየሳምንቱ እየመጣ ይጭን ጀመር። ትልቅ እርሻ የሌለው ገበሬ በየሳምንቱ ጥሬ ገንዘብ ማግኘቱ በደሴቲቱ ታሪክ አዲስ ነገር ነበረ። ልጅ ተማረበት፤ ቤት ተሠራበት፤ ባለሱቁም ለገበሬው ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ የመርከቡን ቀን ቈጥሮ ይሰጥ ነበር።

ይህ ንግድ የቆመው ግን የእንግሊዝ ገበያ ለእነዚህ ደሴቶች ሙዝ ልዩ አስተያየት ስለሚያደርግ ነበር። በ1993 የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ገበያቸውን አንድ ሲያደርጉ፥ ይህ ልዩ አስተያየት በአዲስ ደንብ እንዲቀጥል ተደረገ። አሜሪካ፥ ኤኳዶር፥ ጓቲማላ፥ ሆንዱራስና ሜክሲኮ ደንቡን በመቃወም ለዓለም የንግድ ድርጅት አቤት አሉ፤ በ1997ም ተፈረደላቸው። በ2009 በጄኔቭ በተደረሰው ስምምነት ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ በሚመጣው ሙዝ ላይ የነበረው ቀረጥ ከ176 ዩሮ በቶን ቀስ በቀስ ወደ 114 ዩሮ እንዲወርድ ተወሰነ። በሰፊ ሜዳ ላይ በመኪና የሚመረተውን ሙዝ፥ በገደል አፋፍ በእጅ የሚመረተው ሙዝ በዋጋ ሊወዳደረው አልቻለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ100,000 ቶን በላይ ትልክ የነበረችው ደሴት ዛሬ የምትልከው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። አባቶች «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ገዢው አንድ፥ ምርቱ አንድ፥ መርከቡም አንድ በሆነበት ንግድ ውስጥ ሻጩ የሚያዘው በምንም ላይ አይደለም።

እንግዲህ ሙዙ ሲደክም ቦታውን የተካው ጉብኝት ነው። ወደ ካስትሪስ ወደብ በሽርሽር መርከብ የሚገባው ጎብኚ በዓመት ሲቈጠር ከነዋሪው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሚቆየው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ግድም ይወርዳል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ይሳፈራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሸጥለት ዋናው ነገር በአነስተኛ አውቶቡስ ተሳፍሮ፥ መሪ እየነገረው ደሴቲቱን የሚያይበት የአንድ ቀን ጉዞ ነው። የዚህን ጉዞ መሥመር በነጋዴ ዓይን መከተል ብዙ ያስተምራል።

ጎብኚው ከመርከቡ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚገጥመው ፖይንት ሴራፊን የሚባለው ከቀረጥ ነጻ የሆነ የገበያ አዳራሽ ነው። እዚያ የእጅ ሰዓት፥ ሽቶና ጌጣጌጥ ይሸጣል። ይህ ዕቃ ከውጭ የመጣ ነው። አውቶቡሱ ከዚያ ተነሥቶ ከተማውን ሲያቋርጥ ከ1894 ጀምሮ የቆመውን የካስትሪስ ገበያ ያልፋል፤ ቅመም፥ ቅርጫትና የአገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ነው። ቀጥሎ ሞርን ፎርቹን ወደሚባለው ኮረብታ ይወጣል። መሪው ወደቡን ከላይ ያሳያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በመንገዱ ዳር የቆሙት ሻጮችም የአንገት ሐብልና ባርኔጣ ያቀርባሉ። በደቡብ በኩል ያሉት የኩል ደ ሳክና የሮዞ ሸለቆዎች የሙዝ እርሻ አላቸው፤ ዘለላው ከነፍሳትና ከመቧጨር እንዲጠበቅ በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍኖ ይታያል። ቀድሞ የደሴቲቱ እንጀራ የነበረው ሙዝ አሁን በመስኮት የሚታይ ትርኢት ሆኖአል።

መንገዱ ጠምዛዛ ነው። ማሪጎ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ ከላይ አይቶ፥ አንስ ላ ሬይና ካናሪስ በተባሉት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች በኩል ያልፋል። በካናሪስ አካባቢ የካሳቫ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት የሚቆሙ አሉ። ሥሩ ተልጦ፥ ተፍቆና ተጨምቆ በእንጨት እሳት በሚግል ሰፊ ምጣድ ላይ ሲጋገር ጎብኚው ቆሞ ያያል፤ ሲበስልም ትኩሱን ይገዛል። ከዚያ በኋላ ፒቶን የሚባሉት፥ በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት ሁለት ሹል ተራሮች ብቅ ይላሉ። ከሥራቸው የሱፍሪዬር ከተማ አለች፤ በአጠገብዋ ዲኝ የሚሸት እንፋሎት የሚተፋው የእሳተ ገሞራ ስፍራ፥ ፍል ውሃና የጭቃ መታጠቢያ ይገኛሉ። የካካዎ እርሻ የሚጎበኝም አለ፤ ፍሬው ሲብላላ፥ በፀሐይ ሲሰጣ፥ ተወቅጦም ከቅመም ጋር ለመጠጥ ሲዘጋጅ ያያል። ምሳው ብዙ ጊዜ የደሴቲቱ ብሔራዊ ምግብ የሆነው ጥሬ ሙዝ ከጨው ዓሣ ጋር የተቀቀለው ነው። ሙዙ የደሴቲቱ ነው፤ የጨው ዓሣው ግን ከጥንት ጀምሮ ከሰሜን አትላንቲክ ባሕር የሚመጣ ነው።

ከዚህ መሥመር አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ጎብኚው በአንዱ ቀን ውስጥ የሚቆምባቸው ስፍራዎች በገንዘቡ አካሄድ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከቀረጥ ነጻ በሆነው አዳራሽ የእጅ ሰዓት ቢገዛ ከዋጋው አብዛኛው ዕቃውን ወደ ሠራው አገር ይመለሳል። በካሳቫ ቤት ዳቦ ቢገዛ ግን ካሳቫውን የተከለው ገበሬ፥ እንጨቱን የፈለጠው ሰውና የጋገረችው እናት ሁሉም ይካፈሉታል። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ በትልቁ ፒቶን ሥር ያለችው ፎን ዣን ሊብር የተባለች መንደር ናት። የስምዋ ትርጉም የነጻ ሰዎች ሸለቆ ማለት ነው፤ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የመሠረትዋት ናት። ተራራውን ለመውጣት የሚሻ ጎብኚ የሚመሩት የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው። በዚህ ስፍራ የሚሸጠው የመሪው እውቀት ስለሆነ ከውጭ አስመጥቶ የሚተካው የለም።

ስለዚህ በአንድ ቀን ጉብኝት ንግድ ውስጥ ዋናው ውሳኔ አውቶቡሱ የት ይቆም የሚለው ነው። ይህን ውሳኔ በእጁ የያዘው ደግሞ መሪው ወይም ቀጣሪው ነው። መሪው ሱቅ የሌለው ነጋዴ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይህ ይግዙ፥ ያ ይቅር ባይልም፥ ሃያ ደቂቃ እዚህ አቁሞ አምስት ደቂቃ እዚያ ቢያቆም የአንዱን ሱቅ ሞላ፥ የሌላውን ባዶ አስቀረ ማለት ነው። ኃላፊነቱ እንዲህ ከባድ ሆኖ ሳለ በብዙ የጉብኝት አገሮች መሪው የሚያገኘው ቁርጥ ደመወዝ አነስተኛ በመሆኑ፥ ጉድለቱን ከባለሱቆች በሚቀበለው የድለላ ገንዘብና በጎብኚው ጉርሻ እንዲሞላ ይተዋል። ከዚህ የተነሣ አውቶቡሱ የሚቆመው ጥሩ ዕቃ ባለበት ሳይሆን ጥሩ ድለላ በሚከፈልበት ነው። ድለላውን የከፈለው ባለሱቅ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ ጎብኚውም እንደ ተወደደበት ሌላው ሱቅ ሲገባ ይረዳል፤ አገሩ ገብቶም ይናገራል። ድለላ መክፈል የማይችሉት ጋጋሪዋና ቅርጫት ሠሪው ግን በራቸው ላይ እንደ ቆሙ አውቶቡሱ አቧራ አልብሶአቸው ያልፋል።

ሌላው ሊመረመር የሚገባው የቲኬቱ ዋጋ ነው። የጉዞው ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በደሴቲቱ ላይ ሳይሆን በመርከቡ ውስጥ ነው። መርከቡ ከዋጋው ከፍ ያለውን ድርሻ ይዞ የቀረውን ለደሴቲቱ አስጎብኚ ይሰጣል። ብዙዎች ይህን እንደ ግፍ ይቈጥሩታል። በፍትሕ ለመናገር ግን መርከቡ በነጻ የሚወስደው ገንዘብ አይደለም። መርከቡ በሸጠው ጉብኝት የሄደ መንገደኛ በመንገድ ብልሽት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ ተዋውሎ የሄደ ግን ቢዘገይ ትቶት ሊሄድ ይችላል። እንግዲያስ መርከቡ የሚሸጠው የተራራውን ውበት ሳይሆን፥ ሳልቀር እመለሳለሁ የሚለውን መተማመን ነው። መተማመን ደግሞ ዋጋ ያለው ዕቃ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የደሴቲቱ አስጎብኚ ከዚያ ድርሻ ከፍ ያለውን ለማግኘት ቢሻ፥ ማማረሩን ትቶ ያንኑ መተማመን በራሱ ስም ማቋቋም ይኖርበታል፤ ይኸውም በሰዓቱ የሚመለስ አውቶቡስ፥ የተፈተሸ ፍሬንና ጎማ፥ ኢንሹራንስ የተገባለት መንገደኛና የመንገዱን መዘጋት አስቀድሞ የሚያውቅ መሪ ነው።

በዚህ ላይ አስመጪው ነጋዴ የሚያቀርበው ተቃውሞ አለ። ጎብኚው የሚሻው የእጅ ሰዓትና ሽቶ ከሆነ እነዚህን አስመጥቶ መሸጥ ምን ነውር አለበት ይላል። ነውር የለበትም፤ አስመጪውም ከዚያ ይኖራል። ነገር ግን ያው መርከብ ትናንት በሌላ ደሴት ቆሞ ነበር፤ ነገም በሦስተኛው ይቆማል። በሦስቱም ወደቦች ያው ሰዓት በያው ሣጥን ይሸጣል። መንገደኛው ዋጋ እያነጻጸረ ስለሚሄድ ሻጮቹ እርስ በርሳቸው ዋጋ እየቀነሱ ትርፋቸውን ያመናምናሉ። የካናሪስን የካሳቫ ዳቦ፥ የሱፍሪዬርን ካካዎና ሴንት ሉሺያ ከራስዋ ሙዝ የምትሠራውን የሙዝ ካችአፕ ግን በቀጣዩ ወደብ በርካሽ አገኘዋለሁ ብሎ የሚተወው የለም። ለአስመጪው እንኳ ቢሆን ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን መሸጥ ያዋጣዋል፤ ጎብኚው ሱቅ የሚገባው ልዩ ነገር ሊያይ እንጂ በአገሩ ያለውን ሊደግም አይደለምና።

ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የጠለቀውን ቃል የተናገረው ከዚያችው ደሴት የወጣ ሰው መሆኑ ያስደንቃል። ሰር አርተር ሉዊስ በ1915 በካስትሪስ ተወለደ፤ በ1979 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ መቃብሩም አውቶቡሶቹ በሚወጡበት በሞርን ፎርቹን ኮረብታ፥ በስሙ በተሰየመው ኮሌጅ ውስጥ ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ የሞቃት አገሮች ምርት በዓለም ገበያ የሚረክሰው ምርቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ በእነዚያ አገሮች ለራሱ ቀለብ የሚያርሰው ገበሬ የሚያገኘው ጥቂት ስለሆነ፥ ለውጭ ገበያ የሚሠራውም በጥቂት ዋጋ ለመሥራት ስለሚገደድ ነው። የምግብ እርሻው ካልተሻሻለ በስተቀር በላኪው ምርት ላይ የሚገኘው መሻሻል ሁሉ በርካሽነት መልክ ወደ ገዢው ይሄዳል። ይህ ቃል ለቡና ነጋዴ እንግዳ አይሆንበትም።

ይኸው ሚዛን ለጉብኝቱም ይሠራል። የሴንት ሉሺያ ገበሬ ደካማ ሆኖ ከቀረ ልጁ በትንሽ ደመወዝ አውቶቡስ ይነዳል፤ በሆቴሉም ጠረጴዛ ላይ ከውጭ የመጣ ምግብ ይቀርባል፤ የጉዞው ርካሽነት ጥቅምም ለመርከቡ ይሆናል። ይህን የተረዱ በደሴቲቱ አሉ። የሆቴልና የቱሪዝም ማኅበሩ ገበሬዎችና ሆቴሎች በዋትስአፕ እየተገናኙ ያለውንና የሚፈለገውን ምርት የሚለዋወጡበት ዘዴ አቋቁሞአል። ገበሬው ስንት ቲማቲም እንዳለው ያስታውቃል፤ ሆቴሉ ይገዛል። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ገበሬና ወጥ ቤት ሳይተዋወቁ ለኖሩበት አገር ትልቅ እርምጃ ነው። የደሴቲቱ የንግድ ምክር ቤትም በስሙ ንግድን፥ ኢንዱስትሪንና እርሻን አንድ ላይ ማጣመሩ በከንቱ አይደለም።

ጉብኝቱ ብቻውን ከአደጋ እንደማያድን ደግሞ በ2020 ታይቶአል። በዚያ ዓመት በማርች ወር በወረርሽኙ ምክንያት የሽርሽር መርከቦች በዓለም ሁሉ ሲቆሙ የካስትሪስ ወደብም ባዶውን ቀረ። አውቶቡሱ ቆመ፤ መሪው ቤቱ ተቀመጠ፤ ባለሱቁ መዝጊያውን አወረደ። በዚያ ወራት ለሰው የሚያስፈልገው ምግብ ሲሆን መሬት የነበረው ሰው ቢያንስ ቀለቡን አላጣም። እንግዲህ ሙዝን የተካው ጉብኝት ራሱ ሁለተኛ ሙዝ እንዳይሆን ያሰጋል፤ ገዢው አንድ፥ ምርቱ አንድ፥ መርከቡም እንደገና የሌላ ሰው ይሆናልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምክር ለአስጎብኚውም ለባለሱቁም አንድ ነው። የመቆሚያው ስፍራ በግልጽ በተጻፈ ሰሌዳ ይወሰን፤ ለመሪው የሚከፈል ድለላ ካለ ለሁሉም እኩል የሆነና የታወቀ ይሁን፤ ይልቁንም ለመሪው የሚበቃ ደመወዝ ተከፍሎት ድለላው ቢቀር ይሻላል። የዕቃ ዋጋ በሁለቱም ገንዘብ ይለጠፍ፤ የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ከ1976 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ሂሳብ የቆመ ስለሆነ፥ ባለሱቅ በምንዛሪ አሳብቦ ጎብኚን የሚያደናግርበት ምክንያት የለውም። በደሴቲቱ የተሠራው ዕቃ በምልክት ይለይ፤ በሩቅ አገር ፋብሪካ የተሰፋ ሸሚዝ የደሴቲቱ ስም ስለ ታተመበት ብቻ የአገር ሥራ ተብሎ አይሸጥ። ምሳ የሚያቀርበው ቤት ዓሣውንና አትክልቱን ከአጠገቡ ይግዛ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ የአንዱ ቀን ገንዘብ በመንገዱ ዳር ላሉት ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ቢደርስ ለአንድ አዳራሽ ከሚሰበሰበው ይልቅ አገርን ያቆማል።

ጎብኚ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴም ሁሉ፥ በየትም አገር ቢሆን፥ ከሴንት ሉሺያ የሚማረው አለ። እንግዳ የሚቆጥረው ያየውን የተራራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ እንደ ተታለለና ስንት ጊዜ እንደ ታመነም ይቈጥራል። ተራራውን ነጋዴ አልሠራውም፤ ሊያሻሽለውም አይችልም። በእጁ ያለው ሚዛኑ፥ ዋጋው፥ ቃሉና ዕቃውን የሚገዛበት ስፍራ ነው። እነዚህን ያስተካከለ ነጋዴ መርከቡ ቢዘገይበት እንኳ የሚሸጥለት ገበሬና የሚገዛው ጎረቤት አያጣም።